ድምፁ ጠፍቷል፤ እርሻውስ?

አረጋውያን «መርሳት ጀመሩ» ተብለው ሲጠረጠሩ በብዙ አገር ሐኪሞች የሚመዘዝ አንድ አጭር መጠይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ማርሻል ፎልስቲን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዘጋጁት ነው። ከ30 ነጥብ ይታረማል፤ ከ24 በታች ያመጣ ሰው አእምሮው ሳይደክም አልቀረም ተብሎ ለተጨማሪ ምርመራ ይላካል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለተሠራለት ሰው።

እስቲ ወደ ደቡብ ወሎዋ መካነ ሰላም እናምጣው። ከወግዲ ወረዳ የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ የስድሳ አምስት ዓመት እናት ወንበሩ ላይ ተቀመጡ እንበል። «አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉልኝ» ሲባሉ አንድ ነጥብ ሄደ። «እዚህ ላይ ያለውን አንብበው እንደተባለው ያድርጉ»፤ ሌላ አንድ። «ይህን የተጠላለፈ ሥዕል አስመስለው ይሳሉ»፤ እርሳስ ጨብጦ ለማያውቅ እጅ ይህም አንድ ነው። «ስንተኛ ፎቅ ላይ ነን?» ለሚለው፣ ምድር ቤት ተቀምጠው ምን ይመልሳሉ? «ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩ» የሚለው ደግሞ ብቻውን አምስት ነጥብ ይዞ ይሄዳል። በድምሩ ዘጠኝ። የቀረውን ሁሉ አንድም ሳያዛንፉ ቢመልሱ 21 ነው። በወረቀቱ መሠረት እኚህ እናት ታመዋል።

እኚሁ እናት ግን ለቅሬው (ለእድሩ) ማን እንደከፈለና ማን እንዳልከፈለ፣ የትኛዋ ላም በየትኛው ወር እንደምትወልድ፣ ማን የማን ዘር እንደሆነ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይዘረዝራሉ። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲባሉ «ነገ ሚካኤል አይደል እንዴ!» ይላሉ። አብረዋቸው የመጡት ጎረቤታቸው ደግሞ «ጁምዓ ካለፈ ሦስተኛ ቀናችን» ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ግን ለዚህ መልስ የተተወ ቦታ የለም።

ይህን ያነሳሁት መጠይቁን ለማጣጣል አይደለም። የሥነ አእምሮ ሕክምናና ኒውሮሳይኮሎጂ የተባሉት ሁለት ሙያዎች አንዱ ያለ አንዱ ምን እንደሚጎድለው በዚህች አንዲት ወንበር ላይ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ነው። ሐኪሙ ታካሚውን ይዟል፤ በሽታውን ለይቶ መድኃኒት ያዝዛል፤ ኃላፊነቱም የእሱ ነው። ኒውሮሳይኮሎጂስቱ ደግሞ አንጎል ሲታመም፣ ሲመታ ወይም ሲያረጅ ትኩረት፣ ትውስታ፣ ቋንቋ፣ ዕቅድ ማውጣትና ራስን መግዛት ምን እንደሚሆኑ በፈተናና በምልከታ የሚመረምር የሥነ ልቦና ሰው ነው። ያለ እሱ የሚሠራ ሐኪም 21ን አይቶ ይደነግጣል። እሱ ካለ 21 ለማን ምን ማለት እንደሆነ ይነግረዋል። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ችግሩ የዚህ ሁለተኛ ሰው አለመኖር ብቻ ይመስላል። እኔ እንደማየው የባሰው ችግር የእሱ ጥያቄም አለመኖሩ ነው።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ደሴ በአቀስታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በስተ ምዕራብ ደግሞ የዓባይ ሸለቆ አለ። በአገራችን እንዲህ ባሉ ከተሞች ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምናውን ክፍል የሚይዘው ብዙውን ጊዜ የሥነ አእምሮ ነርስ ነው፤ ዕድለኛ ከሆነም በሁለተኛ ዲግሪ የሠለጠነ የአእምሮ ጤና ባለሙያ። የእነዚህ ነርሶች ሥልጠና በአማኑኤል ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ ስፔሻሊስት ሐኪም በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተቻለው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ነው። በመሃሉ ባሉት ዓመታት የገጠሩን ሕሙማን የተሸከሙት ነርሶቹ ናቸው፤ ዛሬም እነሱ ናቸው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ እነሱን ለመውቀስ እንዳይመስል አደራ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ገበሬ እናቱ ይዘውት መጡ። ከሁለት ዓመት በፊት ድምፅ ይሰማው፣ ሌሊት ጫካ ይገባ፣ ሰው ሊገድለኝ ነው ይል ነበር። ጠበልም ተሞከረ፣ ዱዓም ተደረገ፣ በመጨረሻ ሆስፒታል መጣ። አሁን ለክትትል ነው። ነርሱ ካርዱን አውጥቶ ይጠይቃል፤ «ድምፁ ይሰማሃል?» «አይሰማኝም።» «እንቅልፍስ?» «ደህና ነው።» «መድኃኒቱን ትውጣለህ?» «እውጣለሁ።» ካርዱ ላይ «ተሽሎታል፤ ይቀጥል» ተብሎ ይጻፋል። እናትየው ግን አልተነሱም። «ዶክተር፣ ውለታህን አላህ ይክፈልህ፤ መጮሁን ትቷል። ግን በሬ ጥመድ ስለው ቀንበሩን ይዞ ይቆማል። ጨውና በርበሬ ገዝተህ፣ ወፍጮ ቤት ብቅ ብለህ ና ብዬ ስልከው ጨዉን ብቻ ይዞ ይመጣል። አባቱ ሰነፈ ይለዋል።» ነርሱ ውጪ የተሰለፈውን ሰው አየት ያደርግና «አይዞዎት እናቴ፣ አብሽሩ፤ ቀስ በቀስ ይመለሳል» ይላል።

ይመለስ ይሆናል። ላይመለስም ይችላል። የልጁ ሕመም፣ ስኪዞፍሬኒያ፣ ድምፅና ጥርጣሬ ብቻ አይደለም፤ ትኩረትን፣ የሰሙትን ለአፍታ መያዝን፣ ሥራን ከየት ጀምሮ በምን ማስከተል እንደሚገባ ማሰብን ይጎዳል። በእጃችን ያሉት መድኃኒቶች ድምፁን ዝም ያሰኛሉ እንጂ ይህን ጉዳት እምብዛም አያነሱትም። አባትየው ስንፍና ያለው ነገር ስም ያለው ሕመም ነው፤ የሚለካበትም መንገድ አለ። ወሳኙ ነጥብ ደግሞ ከልኬቱ በኋላ ይመጣል። ልጁ የተቸገረው መጀመር ላይ ከሆነ ወንድሙ በሬውን ጠምዶ ሁለት ትልም ቢያወጣለት ቀሪውን እስከ ማታ ሊያርስ ይችላል። የተቸገረው ብዙ ነገር በአንዴ መያዝ ላይ ከሆነ አንድ ጊዜ ለአንድ ዕቃ ብቻ ይላካል። ይህ ምክር መድኃኒት ቤት አይገኝም፤ ነገር ግን ልጁ በቤቱ ሰው ሆኖ በመቆጠርና እንደ ዕዳ በመታየት መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ሊሆን ይችላል።

የሥነ አእምሮ ሕክምናና የኒውሮሳይኮሎጂ ታሪክ አስገራሚ ገጽታ፣ ሁለቱ ሙያዎች መጀመሪያ ላይ አንድ ቤት የነበሩ መሆናቸው ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የመርሳት በሽታ እ.ኤ.አ. በ1906 ለባልደረቦቹ ያቀረበው አሎይስ አልዛይመር የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበር። አለቃው ኤሚል ክሬፕሊን በወጣትነቱ ሊፕዚግ ውስጥ ከቪልሄልም ቩንት የሙከራ ሥነ ልቦና ተምሯል፤ በኋላ ስኪዞፍሬኒያ የተባለውንም «ያለ ዕድሜ የመጣ የአእምሮ መድከም» በሚል ስም ነበር የሚያውቀው። የስሙን ለውጥ ያመጣው የስዊሱ ብሎይለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ድምፅ የሚያጠፋ መድኃኒት ሲገኝ የሐኪሙ ዓይን ወደ ድምፁ አዘነበለ፤ የመድከሙ ጉዳይ ለሌላ ሙያ ቀረ። ያ ሌላ ሙያ ያልደረሰበት አገር ላይ የመድከሙ ጉዳይ ለማንም አልቀረም።

አሁን ትንሽ ወደ መድኃኒቱ ልግባ፤ የሁለቱ ሙያዎች መነጋገር አለመነጋገር በዋናነት የሚለየው እዚህ ላይ ነውና። በገጠር ሆስፒታል በብዛት የሚታዘዘው ሃሎፔሪዶል ሰውነትን ያደርቃል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ለዚህ ማስታገሻ ተብሎ ሁላችንም አርቴን የምንለው እንክብል ይጨመራል። አርቴን የሚሠራው አሴታይልኮሊን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል በመግታት ነው። ይኸው ኬሚካል ደግሞ ለትውስታ የግድ የሚያስፈልግ ነው። ስለዚህ በሽታው ራሱ ትውስታውን ያደከመበትን ሰው፣ መድኃኒቱ ላመጣው ድርቀት ተብሎ በተሰጠ ሌላ መድኃኒት ዳግመኛ እናደክመዋለን። አንዳንዱ ታካሚ አርቴኑን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ ይፈልገው ይሆናል፤ ካርዱ ላይ «ይቀጥል» የሚል እስከተጻፈ ድረስ ግን ለዓመታት ይውጠዋል። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ለድባቴና ለእንቅልፍ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም የዚሁ ዘመድ ነው።

የሚጥል በሽታም በእኛ አገር ብዙውን ጊዜ የሚታከመው በዚሁ ክፍል ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባደረጉት ጥናት ከሺህ ሰው 5.2ቱ ላይ አግኝተውታል። ለዚህ በርካሽ የሚገኘው ፌኖባርቢታል ነው፤ ብዙ ሰው እሳት ላይ ከመውደቅ አድኗል። ግን ደግሞ ሐሳብን ያዘገያል፤ ተማሪ ላይ ሲሆን ይህ ጎልቶ ይታያል። ስድስተኛ ክፍል ላይ ሦስት ጊዜ የደገመ ልጅ «በሽታው አፈዘዘው» ይባላል። መውደቁ ቆሞ መፍዘዙ ከቀጠለ መጠየቅ ያለበት መድኃኒቱም ጭምር ነው፤ በካርባማዜፒን መቀየር ይቻል እንደሆነ ማየት የሐኪሙ ፈንታ ነው። (ይህን የሚያነብ ወላጅ ፌኖባርቢታልን በራሱ ውሳኔ እንዳያቋርጥ። ድንገት ሲቋረጥ ማባሪያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊያመጣና ሊገድል ይችላል።) ሐኪሙ የሚያየው የመውደቁን ቁጥር ነው። ልጁ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ምን እንደሚሆን የሚያየው ሌላ ዓይን ነው። ሁለቱ ሳይገናኙ መጠኑ ይጨመራል፣ ልጁም ይበልጥ ይፈዛል።

ታዲያ ምን ይለካ? በምን ይለካ? እዚህ ላይ የኒውሮሳይኮሎጂ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ሉሪያ የሠራው ሥራ ለወሎ ሰው ሩቅ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 ወደ ኡዝቤኪስታን ገጠር ሄዶ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎችን ጠየቀ። «በሩቅ ሰሜን፣ በረዶ ባለበት፣ ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው። ኖቫያ ዜምሊያ ሩቅ ሰሜን ናት። እዚያ ያለ ድብ ምን ዓይነት ነው?» ገበሬው ያላየሁትን አላወራም፣ እኔ ያየሁት ጥቁር ድብ ነው ዓይነት መልስ ሰጠ። በፈተናው ሕግ ወድቋል። ግን ባላየው ነገር ላይ መመስከርን ነውር አድርጎ ያደገ ሰው ሌላ ምን ይበል? ከቦረና የመጣ ሽማግሌ ችሎት ፊት ቢቆም የሚጠበቅበት ይኸው አይደለም? ሉሪያ ራሱ ከዚያ የደመደመው ብዙ ያከራክራል፤ ነገር ግን ያ መልስ የታመመ አንጎል መልስ አለመሆኑ አያከራክርም።

ከአፍሪካ የተገኘ መፍትሔም አለ። ናይጄሪያ፣ ኢባዳን ላይ ስለ መርሳት በሽታ ሲጠና ሥዕል ገልብጡ ማለቱ እንደማያዋጣ ታየ። በእርሳስ ፋንታ የክብሪት እንጨት ተሰጠ፤ መርማሪው አንድ ቅርጽ ይሠራል፣ ሰውየው ያንኑ በራሱ እንጨቶች ይሠራል። ክብሪት የማያውቅ እጅ የለም። የዚያው ጥናት መጠይቅ ለታካሚው ብቻ አይቀርብም፤ ዘመዱም ስለ እሱ ይጠየቃል። ይህ ሁለተኛው ነገር ለእኛ ከክብሪቱም ይበልጣል፤ ታካሚ ያለ አስታማሚ ሆስፒታል በማይመጣበት አገር አስታማሚውን ዝም ብሎ ማስቀመጥ ሞኝነት ነው። ከላይ ያየናቸው እናት ስለ ጨውና በርበሬው ሲናገሩ ምርመራ እያደረጉ ነበር፤ የሚጽፍላቸው ጠፋ እንጂ።

በአገራችንም ጅምሩ አለ፤ ሲነገርለት ግን አልሰማም። ቡታጅራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ከ68 ሺህ በላይ አዋቂዎች ተጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተው ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ከዚያ የወጣው አንዱ ግኝት ለአንባቢ እንቅልፍ የሚነሳ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በአማካይ ወደ 30 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያጣሉ። ሌላው ብዙም ያልተወራለት ውጤት ደግሞ የቡታጅራ መለኪያ የተባለው ነው። የሥነ ልቦናው ምሁር ካሳሁን ሀብታሙ ከሥነ አእምሮ ሐኪሞቹ ከአታላይ ዓለም፣ ከአበባው ፈቃዱና ከሻርሎት ሃንሎን ጋር ሆነው፣ «አንድ ሰው ሠርቶ ይኖራል» የሚባለው ምን ምን ሲያደርግ እንደሆነ ከአካባቢው ሰው ጠይቀው ያዘጋጁት ነው። አንዱ ወገን ሌላውን እንደ ላቦራቶሪ አልላከውም፤ ጥያቄውን አብረው አወጡት። ለስኪዞፍሬኒያ ታካሚዎች የአስተሳሰብ ጉዳት መለኪያ የሚሆን፣ ለኢትዮጵያ የታሰበ የፈተና ስብስብም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሠርቷል። ሁለቱ ሙያዎች በዚህ አገር ተግባብተው መሥራት ይችላሉ ወይ ለሚል ማስረጃው እነዚህ ናቸው። የቀረው ከጥናት ወረቀት ወጥተው ወደ ካርድ ክፍል መግባታቸው ነው፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው።

«ሐኪም በሌለበት ስለ ኒውሮሳይኮሎጂስት ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ውሃ የሚያነሳ ተቃውሞ ነው፤ እኔም ብሆን ለመካነ ሰላም አንድ በጀት ቢሰጠኝ መጀመሪያ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ነው የማውለው። ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የአንጎል ምስል የሚያነሳ መሣሪያ ባለበት ከተማ ሐኪም ቢጠራጠር ያስነሳል። መሣሪያው ሩቅ በሆነበት ግን በቀላል ዕቃ የሚደረግ ጥንቁቅ ምርመራ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ገደል የወደቀ፣ በዱላ የተፈነከተ፣ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ በጥይትና በፍንዳታ የተመታ ሰው ቁስሉ ከዳነ በኋላ በትንሽ ነገር የሚገነፍል፣ የማያፍር፣ ገንዘብ የሚበትን ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ቤተሰቡ ሰይጣን ገባበት ይላል፤ ሐኪሙ የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጣል። በግንባሩ በኩል ያለው አንጎል ተጎድቶ መሆኑን የሚጠረጥር ሰው ግን ሌላ ምክር አለው፤ ገንዘብ በእጁ አይሰጥ፣ ጫጫታ ይቀነስለት፣ ሚስቱ ይህ ቂም እንዳልሆነ ትወቅ። ደሴ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ሲዘረፍ፣ ከዚያም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ «ሪፈር» የሚለው ቃል ብቻውን ሕክምና እንዳልሆነ አይተናል።

ሁለተኛ፣ ሥራን ወደ ታች ማካፈል እንደሚቻል በዚሁ አገር ተፈትኗል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት፣ ጤና ጣቢያ ላይ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች የሰጡት የአእምሮ ሕክምና በሥነ አእምሮ ነርስ ከሚመራው አላነሰም። ሐኪሙ ለነርሱ፣ ነርሱ ለጤና ጣቢያው ካካፈለ ኒውሮሳይኮሎጂስቱ የራሱን የማያካፍልበት ምክንያት አይታየኝም። ሙሉው ፈተና ሰዓታት ይፈጃል፤ ለነርሱ የሚያስፈልገው ግን ሩብ ሰዓት የማይሞላ ነው። «በአንድ ደቂቃ የምታውቃቸውን እንስሳት ሁሉ ጥራልኝ» ለማለት ፊደል አያስፈልግም፤ አሥር የቤት ዕቃ ስም ነግሮ ቆይቶ መልሶ ለመጠየቅም እንዲሁ። ድባቴ ያለባቸውንና የመርሳት በሽታ የያዛቸውን አረጋውያን ለመለየት ይህ ብቻ እንኳ ይረዳል። በድባቴ የተያዙት «ተወኝ ልጄ፣ አላውቅም» ብለው ይተዉታል፤ ፍንጭ ሲሰጣቸው ግን ያስታውሳሉ። የመርሳት በሽታ የያዛቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይሞክራሉ፣ ሲያቅታቸው በሌላ ወሬ ይሸፍኑታል፣ ፍንጩም አይጠቅማቸውም። መለያው ሁልጊዜ ባይሠራም የመጀመሪያዎቹ የሚድን ሕመም ስላለባቸው «አርጅተው ነው» ተብለው መመለስ አልነበረባቸውም።

አንድ ነገር ግን ከሌላ ቦታ ተውሶ ማምጣት አይቻልም፤ መነሻ ቁጥሩን። ያልተማረ ጤነኛ የሳይንት ገበሬ በአንድ ደቂቃ ስንት እንስሳ ይጠራል? ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ የከላላ ወጣትስ? ይህ ሳይታወቅ የሚሰጥ ፈተና ከላይ ያየናትን ያቺን 21 ነው የሚያመጣው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢው መካነ ሰላም ነው። ከተማሪዎቹ የአካባቢው ተወላጆች ዘዬውን ያውቃሉ፤ ቦረና፣ ሳይንት፣ ወግዲና ለጋምቦ በየገበያውና በየቅሬው ጤነኛ ሰዎችን በዕድሜና በትምህርት ከፍለው መጠየቅ የማይችሉበት ምክንያት የለም። ከጎንደርና ከአዲስ አበባ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ የሚመረቁት ደግሞ ሥራውን ሊመሩት ይችላሉ።

ሐኪሙ በበኩሉ «ይመርመርልኝ» ብሎ ብቻ መላክ ይተው። «ልጁ ብቻውን በሬ ጠምዶ ማረስ ይችላል ወይ? አርቴኑ ቢቀነስ ትውስታው ይሻሻል እንደሆነ ከሁለት ወር በኋላ ድገሙልኝ» ብሎ ይጻፍ። መልሱም በሐኪምና በነርስ ዘንድ የማይታወቅ የቁጥር ሰንጠረዥ ሆኖ አይምጣ፤ እናትየውም ተነብቦላቸው የሚገባቸው ግማሽ ገጽ ይሁን። ያን ግማሽ ገጽ አንብቦ መድኃኒቱን የሚቀንስ ወይም የሚቀይር እጅ ክፍሉ ውስጥ ከሌለ ግን ሰዎቹን ከወግዲ አስመጥተን በክብሪት እንጨት ባናደክማቸው ይሻላል።